ዘጠና ላይ የሚንቀጠቀጥ መሪ

ከዳንግላ ወደ ቆሰበር ሲገቡ፣ ከነዳጅ ማደያው ትንሽ አለፍ ብሎ በግራ በኩል፣ ይታይሽ የምትባል ጎሚስታ አለች። አርባ ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ጎማ ስትፈታና ስትገጥም ስለኖረች ክንዷ ጠንካራ ነው፤ ምላሷም ከክንዷ አያንስም። ከሰል ጭነው የሚያልፉት ሾፌሮች ከትራፊክ ፖሊስ ይልቅ እሷን ይፈራሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። አየር ጨምሪልኝ ብሎ የቆመ ሾፌር ያለቀ ጎማ ይዞ ከተገኘ ስድቡን ሳይጠግብ አይሄድም።

አንድ ልማድ አላት። ጎማ ገጥማ ብሎኖቹን ካጠበቀች በኋላ ሾፌሩን ከተቀመጠበት አስነስታ መፍቻውን ታስይዘዋለች። እያንዳንዱን ብሎን በገዛ እጁ ይሞክራል። «ጠብቋል?» ትለዋለች። «ጠብቋል» ሲል በአቅራቢያው ወደተቀመጠው ሰው ዞር ብላ፣ «ሰምታችኋል» ትላለች። እንግዳ ሾፌር በዚህ ይስቃል። የአገሩ ሰው አይስቅም፤ ከየት የመጣ ልማድ እንደሆነ ያውቃላ።

ነገሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ያን ጊዜ ይታይሽ የምትሠራው ዳንግላ፣ ዓባይነህ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ዓባይነህ የባሏ የእንየው አጎት ነው፣ የእናቱ ወንድም። ለእንየው ሙያውን ያስተማረው እሱ ነው፤ እንየው ሲያገባት ደግሞ እሷንም እዚያው ጎማ ክፍል አስገባት። አንድ ቀን ከጋራዡ የወጣ ሚኒባስ ቁልቁለቱን ሲወርድ የፊት ጎማው ወለቀ። ሚኒባሱ ተገትሮ ቀረ፤ ጎማው ግን ብቻውን ተንከባሎ ሄዶ ትዕዛዙ የሚባል ባለጋሪን መታው። የትዕዛዙ እግር ተሰበረ፣ ፈረሱ እዚያው አስፋልቱ ላይ ሞተ። አዊ ውስጥ ፈረስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ትዕዛዙ ሐኪም ቤት ተኝቶ ያለቅስ የነበረው ለእግሩ አልነበረም።

ብሎኑን ማን አጠበቀው ተባለ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ዓባይነህ በፊታቸው ቆሞ ማለ፤ እሷ ናት፣ በዓይኔ አይቻታለሁ አለ። እንየው በዚያ ቀን ዕቃ ሊያመጣ ጫግኒ ሄጄ ነበር፣ ያየሁት የለም አለ። ይታይሽ ያንን ጎማ በእጇ አልነካችውም። ቀኑን ሙሉ ከጋራዡ ጀርባ የጭነት መኪና ጎማ ስትለጥፍ ነበር የዋለችው። ይህንኑ ተናገረች፣ የሰማት ግን የለም። ፂሙ የሸበተ ሰው ከማለ በኋላ የአንዲት ልጅ እግር ሴት ቃል ምን ይፈይዳል?

እንየው ብቻዋን ሲያገኛት እጇን ይዞ፣ አንቺ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ፣ ግን እምቢ ካልሽ ነገሩ ፖሊስ ዘንድ ሄዶ ሁላችንም እንጠፋለን፣ ተሸክመሽው ይለፍ አላት። የአገሩ ደንብ የታወቀ ነው። በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ በተበዳይ ደጅ ይንበረከካል፤ ተበዳይ «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪል ድረስ ድንጋዩ አይወርድም። ይታይሽ ተሸከመች። የትዕዛዙ እናት ግን የልጃቸውን እግር እያሰቡ ልባቸው ቆስሎ ነበርና ቶሎ አልማሯትም። ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ አምስት ሰዓት እስኪያልፍ፣ ፀሐይዋ ማጅራቷን እየበላችው፣ ባሏና የሰፈሩ ሰው ቆመው እያዩዋት ተንበርክካ ቆየች።

ከዚያ ወዲያ ዳንግላ ውስጥ የላላ ነገር ሁሉ ስም ወጣለት። በር ማጠፊያው ከላላ፣ የጋሪ ገመድ ከተፈታ፣ የሁለት ነጋዴዎች ውል ከፈረሰ፣ «ሴት ያጠበቀችው ብሎን» ይባል ጀመር። ይታይሽ ገበያ በወጣች ቁጥር ይህን ትሰማለች። እንየው ይህን ሲያይ የአጎቱን ጋራዥ ጥሎ ሚስቱን ይዞ ቆሰበር መጣ፤ እሷ ጎማውን፣ እሱ ብየዳውን ይዘው አንድ ላይ መሥራት ጀመሩ፤ ልጆችም ወለዱ። ለዚህ ነው እንዲያ የምትወደው። ለእኔ ብሎ ሥጋውን ተወ ትላለች፣ ላልጠየቃት ሰው ሁሉ።

ዓባይነህን ግን አልተወችውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ይታይሽ ደግሞ አለመርሳት ብቻ አልበቃትም፣ ቂሟን እንደ ወላድ ላም ስትንከባከበው ኖረች። ሞቱን አልተመኘችም። ሞት ለዓባይነህ ዕረፍት ነው። የተመኘችው አንድ ነገር ነው፤ ያ ድንጋይ ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ። ብሎኑን አላልቶ የለቀቀው ሰው በዚያው ደጅ፣ ሰው እያየው፣ በዚያው ፀሐይ ተንበርክኮ ማየት ነበር የምትፈልገው። ብሎኑን ያላላው ዓባይነህ ራሱ መሆኑን ለአንድ ቀን እንኳ ተጠራጥራ አታውቅም። ባይሆንማ ለምን በሐሰት ይምላል?

ባለፈው ጥቅምት ሽመክት የሚባል የጫግኒ እህል ነጋዴ ፒካፑን ይዞ ደጇ ቆመ። ፒካፑ ከፋብሪካ የወጣበት መልኩ ጠፍቶታል። ከፍ ተደርጓል፣ ጣራው ላይ መብራት ተደርድሮበታል፣ ጎማው የሚታሰርበት ብረት፣ ቸርኬው፣ በጥቁር ሰፋፊ ተተክቶ ጎማዎቹ ከመከላከያው ውጪ ወጥተዋል። ሽመክት እንደ ሙሽራ ይወደዋል፤ ያን ቀን ግን ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። ከሰማንያ በላይ ሲነዳው መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ዘጠና ላይ ሲደርስ እጁን እስኪያደነዝዘው ያንዘፈዝፈዋል። የሠራው ጋራዥ አራት ጊዜ መልሶታል። ሦስት ጊዜ ባላንስ ተደርጓል፣ አላይመንቱ ተስተካክሏል፣ የመሪው ዘንግ ጫፎች ተቀይረዋል። በመጨረሻ መንገዱ ነው የሚያንቀጠቅጥህ ብለው ሸኙት።

የትኛው ጋራዥ ነው ብላ ጠየቀችው። ዳንግላ፣ ዓባይነህ ጋራዥ አላት። ይታይሽ እጇን በጨርቅ ጠረገችና ቁልፉን ተቀበለችው።

ራሷ ነዳችው። ወደ አዲስ ቅዳም የሚወስደው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ስትደርስ ሁለት እጇን መሪው ላይ ጣል አድርጋ፣ ሳትጨብጠው፣ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ጨመረች። ስልሳ ላይ ምንም የለም። ሰማንያ ላይ ጀመረ። ዘጠና አምስት ላይ የቁልፉ መያዣ ሰንሰለት ይጨፍር ጀመር። መቶ አሥር ላይ ሲደርስ ቀነስ አለ። ማርሹን ዜሮ አድርጋ ለቀቀችው፤ መንቀጥቀጡ አልቆመም፣ እንግዲያው ሞተሩ አይደለም። ፍሬን በስሱ ነካች፤ አልባሰም፣ ፍሬኑም አይደለም። ወንበሩ ከመሪው ይልቅ ጸጥ ያለ ነው፤ ስለዚህ ዋናው ነገር ከፊት ጎማዎቹ ነው። በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ደግሞ አንድ የሚዞር ነገር መሃሉን ስቷል ማለት ነው። ሽመክት ከጎኗ ተቀምጦ ከንፈሯን ያይ ነበር።

ሱቋ ስትመለስ የድሮዎቹ ቸርኬዎች የት እንዳሉ ጠየቀችው። ሽመክት አፈረ፤ ጫግኒ፣ ዶሮዎቹ ያድሩባቸዋል። ሂድና ዶሮዎቹን አስወጥተህ አምጣቸው አለችው። በማግስቱ ኩስ የደረቀባቸውን ሁለት ቸርኬዎች ከነጎማቸው ይዞ መጣ። አጥባ ከፊት ገጠመቻቸው፣ ያንኑ መንገድ ነዳችው። መቶ ላይ መሪው አልተነቃነቀም። በሽታው በአዲሶቹ ቸርኬዎች እንዳለ በዚህ ታወቀ።

ከዚያ አዲሱን ቸርኬ በባዶው አነሳችና ከመኪናው ሞዞ ጋር አስተያየችው፤ ሞዞ ማለት ቸርኬው መሃል ለመሃል የሚሰካበት የመኪናው እምብርት ነው። የድሮው ቸርኬ ቀዳዳ ልክክ ብሎ ይገባበታል። የአዲሱ ግን ሰፊ ነው፤ ለሌላ መኪና የተሠራ ነው። ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ስታይ በአንድ ወገን ብቻ ብረት ከብረት የተፋተገበት ምልክት አለ። በሌላው ወገን ምንም የለም። ይታይሽ ምልክቱን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ደስ አላት። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፣ በጣም ደስ አላት፤ ምክንያቱም ምልክቱ የዓባይነህ እጅ ነው።

ዳንግላ ውስጥ ከዓባይነህ የተማረ ሁሉ ጎማ የሚያጠብቀው መኪናውን ከክሪክ አውርዶ መሬት ካስነካ በኋላ ነው። ብሎኑን በጣት ያስይዛል፣ ያወርዳል፣ መፍቻው ላይ በእግሩ ይቆማል። ፋብሪካው በሰጠው ቸርኬ ይህ አይጎዳም፤ ሞዞው መሃሉን ይይዝለታል። ቀዳዳው በሰፋ ቸርኬ ግን የመኪናው ክብደት ሞዞውን ወደ አንድ ጠርዝ ይጫነዋል፣ ብሎኑም እንደተጫነ ያስረዋል። የጸጉር ያህል ነው፤ ዘጠና ላይ ግን የጸጉር ያህሉ መሪ ይነቀንቃል። ይታይሽ በአየር ላይ ማጥበቅን የተማረችው ከዳንግላ ከወጣች በኋላ፣ ባሕር ዳር ከሚሠራ አንድ ጎሚስታ ነው።

ቆሰበር ያለው ቶርኖ ቤት ሄደች። ከጭነት መኪና አሮጌ ፒስቶን አራት ቀለበት አስቆረጠች፤ በውጪ የቸርኬውን ቀዳዳ፣ በውስጥ ሞዞውን ልክክ አድርጎ የሚሞላ። ሽመክት ቀለበቶቹን ሲያይ በይ እንግጠማቸው አለ። እሷ ግን አዲሶቹን ቸርኬዎች እንደነበሩ መልሳ ገጠመችና ቀለበቶቹን ጨርቅ ውስጥ ጠቀለለቻቸው። ዋጋ አልጠየቀችውም፣ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ ቀለበቶቹን በዳንግላ ገበያ ቀን፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ ዓባይነህ ደጅ ላይ ልትገጥም። ሽመክት የነጋዴ ልጅ ነው፣ የሰው ዓይን ውስጥ ያለውን ያነባል። ትንሽ አየት አድርጓት፣ እሺ እትዬ አላት።

እንየው ይህን ሲሰማ የብየዳ መነጽሩን አወለቀ። ተይው አላት። ሽማግሌ ሆኗል፣ አሥራ አንድ ዓመት ያለፈ ነገር ቢነካካ የሚሸት እንጂ የሚጠቅም የለውም፣ ደግሞ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው አላት።

«ጸሎቱን አንተ ጸልይልኝ» አለችው፤ «ቂሙን ለእኔ ተወው።»

ያን ሳምንት እንየው እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል። ለአጎቱ እያዘነ ነው ብላ አሰበች። እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው ያገባሁት ብላ አዘነችለትም።

የገበያው ቀን ደረሰ። ዓባይነህ ጋራዥ ከገበያው መግቢያ ላይ ነው፤ ባለባጃጆች ተራ የሚጠብቁት፣ ባለጋሪዎች ፈረስ የሚያቆሙት ከደጁ ነው። ሽመክት ፒካፑን መሃል አቁሞ፣ ዛሬም ተንቀጠቀጠብኝ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። ዓባይነህ ወጣ። ስልሳ አልፎታል፣ ቱታው ግን ንጹህ ነው። ጎማውን አስፈትቶ በመስታወት ቤት ያስቀመጣት የባላንስ ማሽን ላይ ጫነው። ማሽኑ ዞረ፣ ቆመ፣ በሁለቱም በኩል ዜሮ አሳየ። ለተሰበሰበው ሰው ዜሮውን በጣቱ እያሳየ፣ መኪናህን ቀየርክ እንጂ መንገዱን አልቀየርክም አለው። ሰው ሳቀ። ይታይሽ ይህን ሳቅ ነበር የምትጠብቀው።

ከፒካፑ ወረደችና ሰላም አለችው። ጋሼ ዓባይነህ፣ እንዴት ሰነበቱ፣ ቤተሰቡ ደህና ነው ወይ ብላ ሁሉንም በወጉ ጠየቀች። ሰው የሚቀበረውም በወጉ ነው።

«ማሽንዎ አልዋሸም» አለችው። «ማሽንዎ ጎማውን የሚይዘው በመሃል ቀዳዳው ነው። መኪናው ግን አሁን የያዘው በብሎኖቹ ብቻ ነው። የዋሸው የገጠመው ሰው ነው።»

ጎማውን ወሰደችና ሞዞው ላይ ሰቀለችው። ክብሪት አወጣችና አንዱን እንጨት ከታች በክፍተቱ ሰደደችው፤ ገባ። ከላይ ሞከረች፤ አልገባም። አንድ ባለባጃጅ ጎንበስ ብሎ እንዲያይ አደረገች፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ቀጥሎ አንድ በግ ሊሸጡ የመጡ ሽማግሌ። መኪና ይቅርና ጋሪ የሌላቸው ሽማግሌ እንኳ ገባቸው። መሃሉን የሳተ መንኮራኩር ይነቀንቃል፣ ይህንን ማን ያጣዋል አሉ።

ቀለበቶቹን በአራቱም ጎማ ላይ አስገባች። መኪናው ክሪክ ላይ እንዳለ ብሎኖቹን አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያለች አጠበቀች፤ ካወረደችው በኋላ ደግማ ጨረሰቻቸው። ሽመክትን መፍቻውን አስያዘችው። ጠብቋል አለ። ከዚያ ቁልፉን ለዓባይነህ ዘረጋችለት።

እምቢ ማለት አልቻለም፤ ሰው ከቦታል። እሱ ከመሪው፣ ሽመክት ከጎኑ፣ ይታይሽ ከኋላ፣ ሁለት ባለባጃጆች ከጭነቱ ላይ ሆነው ከከተማ ወጡ። ሰማንያ፣ ዘጠና፣ መቶ። ዓባይነህ አንድ እጁን ከመሪው አነሳ። መሪው እንደተቀመጠ ነው። መስታወቱ ውስጥ ፊቱን ታየው ነበር፣ እንዲያ ሲጠቁር በማየቷ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልጠገበችውን ያህል ጠገበች። ሲመለሱ ባለባጃጆቹ ገና ሳይወርዱ ለሰው ሁሉ አወሩ። ቆሞ የነበረ አንድ የሚኒባስ ባለቤት ምንም ሳይል መኪናውን ከጋራዡ አስወጥቶ ሄደ።

እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ የልቧ በደረሰ፣ ቤቷም ባልፈረሰ። ግን የቆመ ሰው ላይ አንድ ጊዜ ክንድህን ካነሳህ መቼ እንደምታወርደው አንተ አታውቅም።

«ጋሼ» አለችው ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፤ «ይህንን ያበላሸው እጅዎ ነው። ያን ጊዜ የትዕዛዙን ፈረስ የገደለውን ብሎንስ ማን ነው ያላላው? ዛሬ ይንገሩና ድንጋዬን ይውሰዱልኝ።»

ሰው አጉረመረመ። ያኔም እሱ ነዋ፣ የዛሬውን ያየ የትናንቱን ያውቃል ይባባሉ ጀመር። ዓባይነህ ወዲያ ወዲህ አየ። የቀረው ስሙ ብቻ ነበር፣ እሱም ዓይኑ እያየ ሊሄድበት ነው።

«እኔ አይደለሁም» አለ። «አንቺም አይደለሽ። አንቺ እንዳልሆንሽማ ስምልም አውቅ ነበር።»

ከዚያ ተናገረው። እንየው በዚያ ቀን ከጫግኒ የተመለሰው ገና በስድስት ሰዓት ነበር። የሚኒባሱ ሾፌር ቸኩሏል፤ ጎማውን እንየው ገጠመ፣ ብሎኖቹን በጣቱ አስያዘ፣ ሳያጠብቃቸው ሰው ጠራውና ሄደ። ሲመለስ ያጠበቃቸው መሰለው፣ ሚኒባሱን ለቀቀው። ጎማው መውለቁ እንደተሰማ አጎቱ እግር ላይ ወደቀ። መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ ያስሩኛል፣ እሷ ሴት ናት አያስሯትም አለ። የእህቴ ልጅ ነው፣ አንቺ ደግሞ ባዳ ነበርሽ አላት ዓባይነህ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

ይታይሽ ውሸታም አለችው። ሽበቱን አላየችለትም፣ እርስዎ ማለቱንም ረሳችው።

ያን ጊዜ ደጁ ላይ ከቆሙት ባለጋሪዎች መሃል ትዕዛዙ ከጋሪው ወረደ። የተሰበረ እግሩን እየጎተተ ሰው መሃል ገባ። እሱ ለማንም የማይወግን፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው።

«ልጄ፣ እውነቱን ነው» አላት። «እንየው በዚያው ዓመት ቤቴ መጥቶ ነግሮኛል። በወንጌል አስምሎኝ ነው ዝም ያልሁ። ጥር በመጣ ቁጥር ለፈረሴ አንድ ጆንያ ገብስ ያመጣልኛል። እኔማ አንቺ የምታውቂ መስሎኝ ነበር። ለባሏ ብላ ድንጋይ የተሸከመች ሴት እያልሁ ስንት ጊዜ ለሰው አውርቼሻለሁ።»

ያን ገብስ እሷ ናት የምታበጥረው። ጥር በመጣ ቁጥር እሷ ናት ጆንያ ውስጥ የምትሞላው፣ የጆንያውን አፍ የምትሰፋው፤ ለእናቴ ነው ይላት ነበር። ሰው እንድታለቅስ ጠበቀ። አላለቀሰችም። ክሪኳን አነሳች፣ መፍቻዎቿን አንድ በአንድ ወደ ዕቃ መያዣው ከተተች። ዓባይነህን ልትረግመው አስባ ነበር፣ አፏ ላይ የመጣላት ነገር ሁሉ ግን ለሌላ ሰው የሚሆን ነበር።

ወደ ቆሰበር ሲመለሱ ሽመክት መቶ ላይ ሲደርስ መሪው እንዴት ጸጥ እንዳለ ሊያሳያት እጁን አነሳ። ፊቷን ሲያይ መልሶ ያዘው። አዲስ ቅዳምን ሲያልፉ፣ ምናልባት እንዲህ ያደረገው ፈርቶ ይሆናል እትዬ አላት። እኔም ፈርቼ ነበር አለችው።

በዚያ መንገድ ላይ ያሰበችው ስለ ዓባይነህ አልነበረም። ዓባይነህን አሥራ አንድ ዓመት ጠልታዋለች፣ ጥላቻውም ደግ ደጉን አድርጎላታል፤ ሲደክማት አበርትቷታል። ያንን ሁሉ ጊዜ እውነተኛው ሰው ከጎኗ ተቀምጦ የብየዳ እሳት ሲተፋ ነበር የዋለው። ለእኔ ብሎ ሥጋውን ተወ ስትል እየሰማ ዝም ይል ነበር። ገበያ ላይ ሲሰድቧት አብሮ ሰምቷል። ከሁሉም ከሁሉም፣ ተንበርክካ ሳለች ከቆሙት ሰዎች መሃል እሱም ቆሞ አይቷታል። ልቧ ውስጥ የነበረው ቂም አልጠፋም፣ ባለቤቱን ብቻ አገኘ።

እንየው ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ከመኪናው ስትወርድ አይቷት ብቻ ገባው፤ መነጽሩን አወለቀና የሚያስቀምጥበት ጠፋው። ሽመክት እስኪሄድ ጠበቀች።

«ያን ብሎን ማን አጠበቀው?» አለችው።

መነጽሩን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሊምል እንደሆነ አሰበች፤ ቢምል ኖሮ በመፍቻው ትመታው ነበር።

«አንቺ ትችይዋለሽ ብዬ ነው» አላት።

«ቻልሁት» አለችው ይታይሽ። «አሁን ተራህ ነው።»

ሽማግሌዎቹን እሷ ራሷ ሄዳ ሰበሰበች። ከድሮዎቹ ሦስቱ አንዱ ሞተዋል፤ ሁለቱ መጡ። ባልና ሚስትን እኛ ቤት ውስጥ እናስታርቃለን፣ አደባባይ ምን ያደርጋል ብለው ለመኗት። እኔን የት ነው ያስታረቃችሁኝ አለቻቸው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በትዕዛዙ ደጅ እንዲሆን ተስማሙ። ሰዓቱን የቆረጠችው እሷ ናት።

የትዕዛዙ እናት ካረፉ ቆይተዋል። የሰፈሩ ሰው ግን አለ፣ ባለጋሪዎቹም መጥተዋል፤ ዓባይነህም ከዳር ቆሟል፣ የሚጠጋው ሰው የለም። እንየው ድንጋዩን በማጅራቱ ተሸክሞ መጥቶ ተንበረከከ። ፀጉሩ እዚህም እዚያም ሸብቷል። ማሩኝ አለ። ገና ቃሉን ሳይጨርስ ትዕዛዙ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለው፤ እሱማ ድሮ ምሮታል። እንየው ድንጋዩን ሊያወርድ እጁን ሲልክ አንደኛው ሽማግሌ በከዘራቸው አስቆሙት። አንድ ተበዳይ ይቀራል አሉ።

ሁሉም ወደ ይታይሽ ዞረ። ሽማግሌው በለሰለሰ ድምፅ፣ በይ ልጄ፣ ቃሉን ስጭና እንበተን አሏት። ልጆቻችሁ ነገ የሚያድጉበት ቤት ነው አሏት። ትዕዛዙም ራሱን እየነቀነቀ ለመናት። እሷ ባሏን አየችው። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ ነው። ዘጠኝ ዘጠኝ ወር ተሸክማ ልጆች የወለደችለት፣ ታሞ ያስታመመችው ሰው ነው፤ አታዝንለትም ማለት ሐሰት ይሆናል።

«እኔ ስሸከም እዚሁ ቆሞ ያየኝ ነበር» አለች። «እስከ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ እሱን ጠይቁት።»

ማንም አልጠየቀውም። እንየው ግን ቀና ሳይል መለሰ።

«አምስት ሰዓት አልፎ ነበር» አለ።

ሽማግሌው ሰዓታቸውን አዩ። ገና አራት ሰዓት አልሞላም። ይታይሽ ከትዕዛዙ በራፍ በርጩማ ሳበችና ጥላ ቦታ ፈልጋ ተቀመጠች።